ሚስተር ሌሙኤል «የለም» ያሉት ዕዳ

ቅዳሜ ጠዋት በሳንቲም የሚሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ጥግ ይዤ ቁጭ ባልኩበት፣ ሚስተር ሌሙኤልና ሬኒታ ሳይቀጣጠሩ ተገናኙ። ሦስታችንም ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የመርከብ ፋብሪካ ነው የምንሠራው። እሳቸው ሠላሳ ዓመት የበየዱ ሰው ናቸው፤ እሷ ገና የሃያ ስድስት ዓመት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት።

የሚስተር ሌሙኤል ክፍል በሚመጣው ዓመት ይዘጋል። ወደ ሰርጓጅ መርከቡ ክፍል ለመዛወር የምስጢር ሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ዕዳንና ያለፈ ሥራን ሁሉ የሚጠይቅ ቅጽ ይሞላል፣ የመንግሥት መርማሪም ያጣራዋል። ለሬኒታ ተፈቀደ። ለእሳቸው ግን ፈቃዱ ለምን እንደማይሰጣቸው የሚዘረዝር ደብዳቤ መጣ፤ መልስ ለመስጠት የቀራቸው ዘጠኝ ቀን ነው።

ሬኒታ አንገት ላይ ያለውን አዲሱን የመግቢያ ባጅ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«አንቺማ ምን አለብሽ። ሃያ ሁለት ሺህ ዶላር ዕዳ ተሸክመሽ በሩን ከፈቱልሽ፤ እኔ በዘጠኝ ሺህ ልባረር። ማን አለሽ እዚያ?»

«ማንም የለኝም፣ ሚስተር ሌም። የእናቴን የሆስፒታል ዕዳ አንድም ሳላስቀር ጻፍኩ፣ የምከፍልበትንም ውል አያያዝኩ። እርስዎስ?»

«‹ዕዳ የለም› አልኩ። ዕዳው የመኪና ነው፤ መኪናውን የነዳው ግን የልጄ ባል ነው። እኔ ለብድሩ ፈረምኩለት እንጂ አንድ ቀን መሪውን አልጨበጥኩም።»

«መርማሪው ሲጠይቅዎትስ?»

«ያንኑ አልኩት። አሁን ‹ረስቼው ነው› ብዬ እጽፋለሁ።»

ደብዳቤውን ተቀብላ አነበበችና ሳቀች። «ቅጹን በሞሉበት ወር ለባንኩ ሃምሳ ዶላር ልከዋል ይላል። የረሳ ሰው ይከፍላል?»

ዓይናቸው ተመልሶ ባጇ ላይ አረፈ። ሰው ሲቀና ሌላው ያገኘውን ብቻ ነው የሚያየው። ይህን የማውቀው ከራሴ ነው፤ እኔም ያን ባጅ ከገባች ጀምሮ በስርቆት ሳየው ነበር።

«መንግሥት የፈራው ዕዳውን አይደለም» አለች። «ምስጢርዎን የሚያውቅ ሰው መጥቶ ‹የመርከቡን ንድፍ ካላመጣህልኝ አወጣብሃለሁ› ቢልዎትስ? ከማን ነው የደበቁት?»

«ከኦዴሳ» አሉ ዝቅ ብለው። ሚስታቸው ናት። «ለዚያ ልጅ እንዳትፈርም ብላኝ ነበር።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ለእሷ ይንገሩ። ከዚያ ለመንግሥት ‹አፍሬ ዋሸሁ› ብለው ይጻፉ።»

«መንግሥት ይሻለኛል።»

ቢሆንም ስልካቸውን አውጥተው ለሚስታቸው ደወሉ። «ኦዲ፣ የዚያ መኪና ዕዳ በኔ ስም ነው... ዘጠኝ ሺህ... አዎ፣ ዋሽቼሻለሁ... እሺ።»

«ምን አለች?»

«‹ልብሱን ይዘህ ና፤ ሶፋው ላይ ነው የምትተኛው።›»

መልሱን በስድስተኛው ቀን ላኩ፤ ከስምንት ወር በኋላ ፈቃዱ መጣላቸው። እውነት የጻፈ ሁሉ ይፈቀድለታል አልልም። እሳቸው ግን ሥራቸውን አላጡም፣ ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ ነው፣ የሚያስፈራራቸውም ሰው የለም። ከባንክ የሚመጣውን ፖስታ አሁን የምትከፍተው ኦዴሳ ናት።

እኔ ያን ጠዋት በሬኒታ መቅናቴን ትቼ፣ ተናግረው በተገላገሉት በሚስተር ሌሙኤል ቀናሁ። እኔም ለዚያው ፈቃድ በሞላሁት ቅጽ ላይ፣ የተባረርኩበትን መጋዘን ሳልጽፍ ዘልዬው ነበር። ልብሴ ሳይደርቅ ላርመው ወጣሁ።