ስቀመጥ የተለቀሰልኝ እሁድ

ወሰን ሰፈር ባለችው ቸርቻችን ስብከት የምሰማው ከኋላ ቆሜ ነበር። መንፈሳዊነት በዝቶብኝ እንዳይመስላችሁ፤ መቀመጥ አቅቶኝ ነው። ከብልቴ እስከ መቀመጫዬ ያለው ቦታ ወንበር ሲነካ እንደ እሳት ይለበልበኛል። ይህ ደግሞ ለማን ይነገራል? ሽማግሌያችን ጋሽ ታደሰ ግን ከመድረክ ላይ፣ «ይህን ወንድም እዩት! ለቃሉ ክብር ሲል አይቀመጥም» እያሉ ያስጨበጭቡልኛል። እኔም ጥርሴን ነክሼ «አሜን» እላለሁ።

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ሕመሙ የነርቭ ነው ብላ፣ በአልትራሳውንድ እያየች ነርቩ አጠገብ ማደንዘዣ ወጋችኝ። «ለጊዜው ያስታግስልሃል፤ ከተመለሰብህ እንደግመዋለን» አለችኝ። እሁድ ዕለት የኋላው ወንበር ላይ ዘና ብዬ ተቀመጥኩ። ጋሽ ታደሰ ስብከቱ እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቁም፤ መጥተው በጆሮዬ፣ «ወንድሜ፣ ምነው በረድክ?» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ተሽሎኝ ነው።»

«የቀዘቀዘ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» ብለው መድረክ ላይ ወጡና፣ ወደ ኋላ ለተመለሰው ወንድማችን እንጸልይ አሉ። ጉባኤው ብድግ ብሎ ጮኸልኝ። ስሰቃይ ያጨበጨበልኝ ሕዝብ፣ ሲሻለኝ አለቀሰልኝ። እኔ ግን ከዚያ ወንበር ማን ያስነሣኛል!