የአው ዩሱፍ ሳል

ሰው በሳሉ ይናፈቃል ቢሉኝ እስቅ ነበር። አው ዩሱፍ ጎረቤቴ ነበር፤ ድሬ ላይ ጋሪ የሚጎትተውን ፈረስ ሁሉ የገራው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። አለንጋ በእጁ አይነካም። የቆየ ሳል ነበረበትና ፈረሱን ባስቆመ ቁጥር "እህ፣ እህ" ይልና አንገቱን እያሻሸ ቴምር ያጎርሰዋል። ፈረሶቹም ሳሉን የመቆሚያ ምልክት አድርገው ያዙት። እሱን ከቀበርነው በኋላ ከሰዓቱ አልገፋ አለኝ፤ አብረን እንቅም ነበር፣ አሁን ጫቴን ይዤ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጬ እቀመጣለሁ።

የደርግ ጊዜ ነውና ከቀበሌ ስብሰባ መቅረት የለም። አንድ ቀን ከስብሰባው ወጥቼ በከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ጥላውን ብቻዬን ስሄድ አቧራ ጉሮሮዬ ገባና "እህ፣ እህ" አልኩ። በአጠገቤ የሚያልፈው ጋሪ ቀጥ ብሎ ቆመ! የተሳፈረችው ሴትዮ ከነዘንቢሏ ልትወድቅ ነበር።

"አቦ፣ ምን አርጌህ ነው የምትስልብኝ?" ብሎ ጮኸ ባለጋሪው።

"ሳልም ተከለከለ?"

"የአው ዩሱፍ ፈረስ እኮ ነው! ሽማግሌ ሲስል ከሰማ አይሄድልኝም። ቴምሩን ይጠብቃል።"

ቴምር ከየት ላምጣ? ባዶ እጄን ለፈረሱ ዘረጋሁለት። አሸተተኝ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አልፎ ከኋላዬ ያለውን መንገድ ያይ ጀመር፤ ሌላ ሰው የሚመጣ ይመስል። እመኑኝ፣ እኔም ዞሬ አየሁ።