ኳስ ቀላቢውን የመረጥኩት እኔ ነኝ

የአሜሪካን ፉትቦል ሕግ ሳላውቅ ተጫዋች ማስቀጠሬን ነግሬያችኋለሁ? ባለፈው በታክሲዬ ከዳውንታውን ወደ ኤርፖርት ያሳፈርኩት ሰውዬ፣ ከኋላ ቁጭ ብሎ ታብሌቱ ላይ አፍጥጦ ያጉረመርማል። ምን ሆንክ ብዬ ስጠይቀው፣ ሥራው ለአንድ ትልቅ ቡድን ከየኮሌጁ ኳስ የሚቀልቡትን፣ ዋይድ ሪሲቨር የሚሏቸውን ልጆች መመልመል ነው። ድራፍቱ፣ ቡድኖቹ አዲስ ተጫዋች በየተራ የሚመርጡበት ቀን፣ ደርሷል፤ ሁለት ልጆች እኩል ሆነውበት መምረጥ አቅቶታል። አምና የመረጠው ኳስ እየጣለ አሳፍሮታል፤ ዘንድሮ ከሳተ መባረሩ ነው። ቀይ መብራት ሲይዘን «እስቲ አሳየኝ» አልኩት። አንደኛው ልጅ እንደ ነፋስ ይሮጣል፤ ኳሱን ግን በደረቱ ታቅፎ ነው የሚቀበለው። ሁለተኛው እጁን ዘርጋ አድርጎ በጣቶቹ ለቀም!

«ይሄኛው!» ብዬ ስጮህ ሰውዬው ክው አለ። «ግሮቭፖርት የዕቃ መጋዘን ውስጥ ስድስት ዓመት ከትሬለር ላይ የሚወረወር ካርቶን ስቀልብ ኖሬያለሁ። በደረቱ የሚቀበል ሰው ካርቶኑ ነጥሮ ያመልጠዋል። እኛ እንዲህ ያለውን መጥረጊያ ነው የምናስይዘው!» አልኩት። ሳቀብኝ፤ ግን ያልኳትን ማስታወሻው ላይ ጻፋት።

የድራፍቱ ቀን የሰውዬው ቡድን በቲቪ እኔ የመረጥኩትን ልጅ ስም ሲጠራ ከሶፋው ዘልዬ፣ ወንድ ልጅ እልል አይልም ያለው ማነው፣ እልልታውን አቀለጥኩት። ሴት ልጄ በእንግሊዝኛዋ «ዳዲ፣ የጨዋታውን ሕግ እንኳ አታውቅም እኮ!» አለችኝ።

«ሕጉን እናንተ እወቁ» አልኳት፤ «እኔ እጅ አውቃለሁ።»