አሥራ አንድ ጊዜ የተቀባው ግድግዳ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በባሕሩ ዳር እስከ ቤተ ክርስቲያናችን መሄድ ልማዴ ነው። አንድ ሰኞ ከሕንፃው ጀርባ ሁለት ሰዎች ሲጨቃጨቁ ደረስኩባቸው። አንዱ ዲያቆናችን ፓፓ ቶኮሩአ ነበሩ፤ ሰማንያ ያለፋቸው፣ በደሴታችን የባሕር ድንጋይ አቃጥሎ ኖራ ማውጣት የሚያውቁ የመጨረሻው ሰው። ሁለተኛዋ የልጅ ልጃቸው ቴሬአፒ ናት። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ ኒውዚላንድ ሄዳ የግንባታ ሙያ ተምራ ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም። በቢላ ግድግዳውን ትፍቃለች።

«ተይ አልኩሽ!» ይላሉ ሽማግሌው። «ነገ እንግዶቹ ይመጣሉ። ግድግዳውን አቁስለሽ ልትጠብቂያቸው ነው?»

«እኔ አላቆሰልኩትም፣ ፓፓ። ቀድሞም ቆስሏል። መምህር፣ እስቲ እርስዎ ይዩት!»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ነጩ ቀለም እንደ ተላጠ ቆዳ ተነሥቷል፤ ከሥሩ ያለው ኖራ ረጥቦ እንደ ሊጥ ሆኗል። በጣቴ ብነካው እፍኝ ሙሉ ተፈርፍሮ ወረደ። ክው አልኩ። ያ ግድግዳ ቅድመ አያቶቻችን ያቆሙት ነው፤ እኔም የተጠመቅሁት እዚያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ በሰኔ ከአውስትራሊያ አሥራ አምስት ያህል ምእመናን ለሁለት ሳምንት ሊያገለግሉ ይመጣሉ። ከልጆቹ ጋር ይዘምራሉ፣ አብረውን ይጸልያሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑንም ይቀባሉ። መሪያቸው ግሌኒስ ናት። የመጀመሪያውን የዘይት ቀለም ያመጣው ባሏ ነበር፤ ግድግዳው ሲያብለጨልጭ እኛም አጨበጨብን። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት።

ከዚያ በፊት ግን! በየዓመቱ ማዕበል የጣለውን የሞተ ኮራል፣ ያን የባሕር ድንጋይ፣ ሴቶቹ ከባሕሩ ዳር ይለቅማሉ፣ ወንዶቹ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ኮራሉ የተሞላበት ጉድጓድ ሦስት ቀን ይነዳል። እኔ ልጅ ሳለሁ ፓፓ ቶኮሩአ ጎልማሳ ነበሩ። በተቃጠለው ድንጋይ ላይ ውኃ ሲያፈሱበት እየጮኸ ይፈርስና ኖራ ይሆናል፤ እኛ ልጆችም እየጮኽን እንሸሻለን። እናቴ እስከ ክርኗ ነጭ ሆና ስትስቅ ዛሬም ትታየኛለች። ወይ ጊዜ! ቀለም በቆርቆሮ መጣና ያ ሁሉ ቀረ።

«የኖራ ግድግዳ ይተነፍሳል» አለች ቴሬአፒ። «የጠጣውን ዝናብ በፀሐይ ይተፋዋል። የዘይት ቀለም አፈነው። አሥራ ሁለተኛውን ከደረብንበት በሚቀጥለው አውሎ ነፋስ ይወድቃል። ሥሩ የሚቀመጡት ደግሞ የሰንበት ትምህርት ልጆች ናቸው።»

«ይህ ለእኔ ጠፍቶኝ ነው? ግን ምን ላድርግ? ባሕር አቋርጦ የመጣ ስጦታ ይመለሳል? ግሌኒስ ባሏ ሞቶ እንኳ አልቀረችብንም። የምትቀባው ለእሱ መታሰቢያ ብላ ነው። ‹ቀለምሽ ቤቱን ገደለው› የምላት እኔ ነኝ? ምላሴ ይቆረጥ! ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

«ዝም ባይነቅዝም ግድግዳው ነቅዟል፣ ፓፓ።»

«አፍ ዳገት አይፈራም! ኒውዚላንድ የላክንሽ ምላስሽን እንድትስዪ ነው?»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ሽማግሌው ገላመጡኝ። እኛ የዚህ ደሴት ሰዎች እንዲህ ነን፦ የመጨረሻዋን ጎደሬ ለእንግዳ እናበላለን፣ «ያመጣኸው አይጠቅመንም» ከማለት ግን ብንሞት እንመርጣለን። ይሉኝታችን ያምራል፤ ቤትም ያፈርሳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ቴሬአፒ ቢላዋን አስቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ፓፓ፣ ግሌኒስን ይወዷታል?»

«ይሄ ምን ጥያቄ ነው? እህቴ ናት።»

«እህትዎ ቀሚሷ ከኋላ ተቀዶ ሰው ፊት ልትወጣ ስትል ዝም ይሏታል?»

ሽማግሌው የወረደውን ፍርፋሪ በእግራቸው ወደ ግድግዳው ገፉት።

«አሥራ አንድ ዓመት እህቴ እያሉ እንግዳ አድርገው ነው ያቆዩዋት። ደግሞ ክፉ አይንካዎትና እርስዎ ካለፉ ኖራውን ማን ያቃጥላል? እኔ የተማርኩት ሲሚንቶ ነው። ድንጋዩ መብሰሉን በምን እንደሚያውቁ አንድ ቀን እንኳ አላሳዩኝም።»

«ጠይቀሽኝ አታውቂም!»

«እርስዎስ ነግረውኝ ያውቃሉ?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። ጀርባቸውን ሳየው አዘንኩ።

በማግሥቱ ጀልባው ገባ። የአበባ ጉንጉን አጠለቅንላቸው፣ ፓፓም ረጅም ጸሎት ጸለዩ፤ በጸሎቱ ውስጥ ስለ ግድግዳው አንዲት ቃል የለችም። ቴሬአፒ ከንፈሯን ነከሰች። መሰላሉ ቆመ። ግሌኒስ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ክዳን ልትከፍት ጎንበስ ስትል ግን የፓፓ ከዘራ መጥታ ክዳኑ ላይ አረፈች።

«እህቴ፣ ይቅር በይኝ። አሥራ አንድ ዓመት ዋሽቼሻለሁ።»

እጇን ይዘው ወደ ጀርባ ወሰዷትና የረጠበውን ፍርፋሪ መዳፏ ላይ አኖሩላት። ቴሬአፒ ነገሩን ስታስረዳት የሴትዮዋ ፊት ቀላ።

«ባለቤቴ... ይህን ያደረገው እሱ ነው?»

«ባልሽ ያደረገው በፍቅር ነው። እኔ ዝም ያልኩት ግን በፍቅር አልነበረም፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።»

አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሁላችንም መሬት መሬት እናያለን። በቃ፣ ተቀይማ ልትሄድ ነው አልኩ በልቤ። ቀና ስትል ግን ተቆጥታ ነበር።

«አሥራ አንድ ዓመት! የሚነግረኝ አንድ ሰው እንኳ ይጥፋ? እንደ ሕፃን ነዋ የያዛችሁኝ!» እንባዋን ጠረገች። «አሁን ምን ይሻላል? አሥራ ሁለት ቀን አለን።»

ፓፓ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «እንጨት» አሉ። «ብዙ እንጨት።»

እንግዶቹ ቀለሙን ፋቁ፣ ኮራል ተሸከሙ። ሊያስተምረን የመጣ አንድ ጎረምሳ በሁለተኛው ቅርጫት ወገቤን ብሎ ሲቀመጥ አሮጊቶቹ «አይዞህ፣ ብሩሽ አይደለም!» እያሉ ሳቁበት፤ ከዚያ ከስንት ዓመት በኋላ የኖራውን ዘፈን አነሡ። እኔም አብሬ እየዘፈንኩ አለቀስኩ፤ አላፍርም። ፓፓ ጉድጓዱ አጠገብ ወንበር አስቀምጠው ቴሬአፒን ከጎናቸው አቆሟት። እሳቱ ሲበርድ አንድ ድንጋይ ሰጧት። «መዝኚው። ስናስገባው ከነበረው በግማሽ ከቀለለ በስሏል። ከከበደሽ እንጨት ጨምሪ።» ይኸው ነበር ምስጢሩ።

ያመጡት ቀለምም አልባከነም፤ የጀልባ ማቆሚያውን ቆርቆሮ ቀባንበት፣ እዚያ ሥራውን ያውቃል። በአዲሱ ኖራ የለሰንነው ግድግዳ ዛሬ ደረቅ ነው፤ አውሎ ነፋስ መጥቶ አልፎበታል። ኖራ የሚያቃጥሉ ወጣቶችም ስምንት ደርሰዋል። ያን ዓመት እንግዶቹ እጃቸው በኖራ ተልጦ ሄዱ፤ እኔም ካሁን በኋላ አይመጡም ብዬ ነበር።

በየካቲት ከግሌኒስ ደብዳቤ መጣ። «ዘንድሮ ምን ይዘን እንምጣ?» ትላለች። ፓፓ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

«ጠየቀችን» አሉ። «ጻፍላት። ጓንት በላት። ወፍራም ጓንት።»

በሰኔ ጓንቱን ይዛ መጣች። ፓፓ ግን በሚያዝያ አርፈው ነበር። ጉድጓዱን የለኮሰችው ቴሬአፒ ናት፤ ከወጣው ኖራ የመጀመሪያው የፓፓን መቃብር እንዲለስን ተስማማን። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተንበርክከው ለሰኑት። ግሌኒስ ጓንቷን አውልቃ ነበር።