ለዓሦቼ የተዋለ ውለታ

ነይ ግቢ ጎረቤቴ! እንዴት ከረምሽ፣ ልጆቹስ? እዚህ ሶፋው ላይ ተቀመጪ፤ ብርድ ልብሱን ገፋ አድርጊው። እኔና ባለቤቴ አሁን የምንተኛው እዚህ ነው። ለወገብ ጥሩ ነው ይባል የለ?... በሩን ተዪው፣ አትዝጊው። የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ፣ መኝታ ቤታችን ጋደም ብለዋል። ቢሰሙስ? እኛ የምናወራው ስለ ዓሣ!

አኳሪየሙን አየሽው? አዎ፣ ዓሣው አንድ ብቻ ነው። ምን ላድርግ፣ ደግ ሰው አጋጠመኝ። ማን እንደሆኑ አትጠይቂኝ፤ ሲያመሰግኗቸው ያፍራሉ... እኔ ሰነፏ የማጣሪያውን ስፖንጅ ከዚያው ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ ለቅለቅ አድርጌ ነበር የምመልሰው። ውሃውን ጤነኛ የሚያደርገው እዚያ ቡናማ እድፍ ውስጥ ያለው ነገር ነው ሲሉኝ አምኜ! እኚህ ሰው ግን እድፍ አይወዱም። ወጣ ባልኩበት በሳሙና አሽተው አሽተው አነጡልኝ። እኔ ክሎሪኑ እንዲተን አሳድሬ የምጨምረውን የቧንቧ ውሃም እንደወረደ እስከ አፉ ሞሉልኝ። በማግስቱ ገንዳው ወተት መሰለ። ዓሦቼ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው... ሊያመሰግኑ ይሆን? ግማሾቹ ከምስጋናው ብዛት በጀርባቸው ተንጋለሉ።

አልዋሽሽም፣ አለቀስኩ። ደግነታቸው ግን መች በዚህ ያበቃል? ካሳ ብለው ይሄን ግዙፍ ገዝተው ከች አሉ። ሱቅ ውስጥ ለብቻው በአንድ ገንዳ ተቀምጦ አይተው አሳዘናቸው። ለምን ብቻውን እንደተቀመጠ መጠየቅ ምን ያደርጋል? ሰው የሚመስለውን ሲያገኝ አንጀቱ አይንሰፈሰፍም? ግርማ ሞገሱን ደግሞ እዪው! በገባ ዕለት ከድንጋዩ ሥር ያለውን ምርጥ ቦታ ያዘ፤ ከሞት የተረፉትን ትንንሾች እያሯሯጠ ጥግ አስያዛቸው። የሁሉንም ምግብ ቀድሞ ይቀምሳል። ጨው አነሰው አለማለቱ ብቻ!

የቤቱ ባለቤቶች፣ ትንንሾቹ፣ አሁን ኩሽና፣ ሰላጣ ማቅረቢያ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነው የሚኖሩት። "ለጥቂት ቀን ነው" ብያቸዋለሁ። እኔም እንደዚሁ ነበር የተባልኩት... ምን ያስቅሻል? ስለ ዓሣ እኮ ነው! ብቻ ቤቴ ናፈቀኝ እህቴ፤ እቤቴ ቁጭ ብዬ።

ሳል ሰማሁ ልበል? እትዬ! ውሃ ላምጣልዎት?... ተኝተዋል። እንቅልፋቸው ሲያስቀና፣ ሰው ቤት ያሉ እንኳ አይመስልም!

ለዚያ ደግ ሰው ግን ክፉ አልመኝም። ፈጣሪ ሰፊ፣ ብርሃን የሞላበት የራሳቸው ቤት ይስጣቸው። ዕድሜያቸውን ያርዝመው። እዚያም ቤት ዕድሜ ልካቸውን የማይለያቸው፣ ቁርጥ እሳቸውን የመሰለ ደግ እንግዳ ይላክላቸው... አሜን በይ እንጂ! ጠንከር አድርገሽ።