አይደክሜና የተገለበጠው በር

ሽማግሌው አናጢ በዘመናቸው ብዙ በር ተክለዋል። የሠሩትን በር በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነው ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። በሩ የአንድ ጤና ጣቢያ ነው። ማጠፊያው በግራ መሆን ሲገባው በቀኝ ቦርቡረውለት፣ ሲከፈት የበሽተኛውን አልጋ ይገጫል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አልተቆጣቸውም፤ «ያጋጥማል» ብቻ አላቸው። ይህች «ያጋጥማል» ከስድብ ይልቅ አንገበገበቻቸው።

አንገታቸውን ደፍተው በመስኮቱ በኩል እንደተቀመጡ አንዲት ወጣት የመለኪያ መሣሪያዋን ታቅፋ አጠገባቸው ዐረፍ አለች። ቀና ቢሉ የሟች እህታቸው ልጅ ናት፤ ተምራ የመንገድ ቀያሽ ከሆነች ወዲህ ከመንገድ ላይ በቀር የትም አትገኝም። ተሳሳሙ፤ ስለ ቤት ስለ ጤና ተጠያየቁ። አናጢው የበሩንና ቀደም ሲል አጥሮ የተቆረጠባቸውን የመስኮት መቃን ነገር ከነገሯት በኋላ የባሰውን አስከተሉ። አብሯቸው የሚሠራው አንድ ልጃቸው በወሩ መጨረሻ ወደ ሌላ ወርክሾፕ ልሄድ ነው ብሏቸዋል። የመሣሪያ ቦርሳውንም ሸክፎ ከወርክሾፓቸው በር ኋላ ሰቅሎታል።

«ምን ጎደለብህ ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ምሳ› አለኝ። ለምሳ ብሎ አባቱን የሚተው ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በአናጢው ቤት ጠዋት የተነሣ መላጊያ ፀሐይ ሳትጠልቅ አይቀመጥም። ከአባታቸው የወረሱት ደንብ ነው። ዳቦ የሚገመጠው ቆሞ ነው፤ ለዚያውም ሰጋቱራ ተነስንሶበት። ሰፈሩም «አይደክሜ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብለውታል። ሰው ድካሙን ሲደብቅ ጉብዝና ይመስለዋል።

ቀያሿ ለክርክር አልቸኮለችም። «ጋሼ፣ ማጠፊያውን የቦረቦሩት ስንት ሰዓት ላይ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።»

«ቅድም የነገሩኝ፣ አጥሮ የተቆረጠው የመስኮት መቃንስ?»

አናጢው አሰቡ። እሱም ከሰዓት በኋላ ነው። መልሱ ስላልጣማቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሳይደግስ አይጣላም፤ በዚህ መሐል የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳ። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ቀያሿ አጎቷን ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጣ ከሻንጣዋ ትንሽ ቡታጋዝ፣ አንድ ድስት፣ ድንችና ሽንኩርት አወጣች። አንድ ቢላዋ ሰጠቻቸው። አናጢው ድንቹን እንደ ጥሩ እንጨት እያገላበጡ ልጣጩን ስስ አድርገው ላጡት፤ እሷ ስትስቅባቸው እሳቸውም ሳቁ።

ድንቹ እስኪበስል ታሪኳን ነገረቻቸው። ሥራ በጀመረች ዓመት ቡድኗ ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ይለካ ነበር፤ በመጨረሻ የተተከለው ችካል ሁሉ ተነቅሎ እንደገና ተለካ። መዝገቡን ስታገላብጥ ስህተቱ በሙሉ የተጻፈው ከቀትር በኋላ ሆኖ አገኘችው። ከዚያ ወዲህ ቀትር ሲሆን መሣሪያው ይቀመጣል፤ ተረኛው ያበስላል፤ ሁሉም ለአፍታ ዝም ብሎ ያመሰግንና ይበላል። የቀጣዩን መንገድ ልኬት ከቀጠሮው ቀድመው ጨረሱ። «‹የቸኮለች አፍሳ ለቀመች› የሚባለው ለእኛ ነው» አለች።

አናጢው ግን በዋዛ የሚረቱ አልነበሩም። «ሥራ ራሱ ጸሎት ነው፤ ጸሎት ደግሞ አይቋረጥም» አሏት።

«ጋሼ፣ ልጅ ሆኜ እርስዎ ቤት ሳድር አይዎት ነበር። ጠዋት ጸሎትዎን እያነበነቡ ጫማዎን ያስሩ ነበር። ፈጣሪ እንኳ ስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው ዐርፏል። እርስዎ አይደክሜ፣ እሱ ደካማ ሊሆን ነው?»

አናጢው ድንቹን በቢላዋው ጫፍ እየወጉ መብሰሉን ፈተሹ። እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «ልጅዎ ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። ‹አባቴ ከሰዓት በኋላ እጁ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን መጋዙ ጣቱን ሲወስደው ቆሜ ማየት አልችልም። ብነግረው ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ሆነብኝ› አለኝ። ምሳ ያለው ለራሱ ሆድ መስሎዎት ነው?»

አናጢው የእጃቸውን ነገር ማንም ያላወቀባቸው መስሏቸው ነበር። ሽምግልና መጣ፣ ሙያዬ አለቀ ብለው ለወራት ሲፈሩ ከርመዋል፤ ስለፈሩም ይበልጥ ይሠሩ ነበር። ለአፍታ ዝም ብለው አመሰገኑ፤ ከዚያ የተቀቀለውን ድንች በጨውና በሽንኩርት ቀስ ብለው በሉ። ጎማው ተቀይሮ ሾፌሩ ሲጣራ ሰዓቱ ዘጠኝ ሊሆን ነው። እጃቸውን ዘርግተው አዩት። ቀጥ ብሏል። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አልደበቁትም።

በማግስቱ ልክ በቀትር አናጢው መላጊያቸውን አስቀመጡ። ልጃቸው የታመሙ መስሎት ደንግጦ ሮጠ። ድስት ጥደው አገኛቸው። ድንቹ ትንሽ አርሮ ነበር፤ ሁለቱም ድስቱን ጠርገው ጨረሱት።

የጤና ጣቢያው አዲስ በር በሦስት ቀን አለቀ፤ በትክክለኛው ወገን እንዲከፈት ሆኖ ተተከለ። በዚያ ወር ሌላ የተበላሸ እንጨት ወደ ምድጃ አልሄደም፤ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ላይ የሚያወርዱት ቁጣም ቀረ። ዕረፍት ሥራን እንደማይሰርቅ፣ ይልቁንም የተሰረቀውን እንደሚመልስ አናጢው ለጎረቤት ባለሙያዎች ሳይቀር መምከር ጀመሩ። ሰፈሩ ግን ስማቸውን አልቀየረም።

የወሩ የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ቦርሳው አሁንም ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። አናጢው ከጠዋት ጀምሮ ወደዚያ ላለማየት ሲታገሉ ቆይተው በቀትር አላስቻላቸውም።

«ቦርሳህን አታወርድም እንዴ?» አሉት።

ልጁ ቦርሳውን አወረደ፤ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ በየሚስማራቸው ላይ መልሶ ሰቀላቸው። ከዚያ እጁን ታጥቦ ቢላዋውን አነሣ።

«ዛሬ ተረኛው እኔ ነኝ፤ አንተ ቁጭ በል» አላቸው።