በዲኑ ስም የተጠራው አሜባ

(በአንድ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ላብራቶሪ፣ ሰኞ ከሰዓት። የማስተርስ ተማሪዋ ምንትዋብና አማካሪዋ ዶክተር አጥናፉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠዋል፤ ስክሪኑ ላይ የአሥራ አራት አሜባዎች የዘር ሐረግ ተዘርግቷል።)

ምንትዋብ፦ አላጠፋውም ዶክተር። ሦስቴ ጠየቁኝ፣ ሦስቴ መለስኩ።

አጥናፉ፦ አጥፊው መች አልኩ። ሰባት ቁጥርን ለጊዜው ከሐረጉ አውጪው ነው ያልኩት።

ምንትዋብ፦ ጥናቴን የማቀርብበት የሐሙሱ ስብሰባ እስኪያልፍ ማለትዎ ነው?

አጥናፉ፦ ዲኑ ፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ሰባት ቁጥር የማን ስም እንዳለበት ታውቂያለሽ።

ምንትዋብ፦ እንዴት አላውቅም። እርስዎ በዲኑ በዶክተር ላቀው ስም «ላቀዊ» ብለው ሰየሙት። ፎቶው ቢሯቸው ግድግዳ ላይ በፍሬም ተሰቅሏል። ከበቅሎ ፋንድያ እንደተለቀመ የነገራቸው ሰው ግን የለም።

አጥናፉ፦ ከደን አፈር ብዬ ነው የጻፍኩት።

ምንትዋብ፦ አፈሩ ላይ ማን እንደተጸዳዳ አልጻፉማ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ፋንድያውን በእጄ ስዝቅ አልቀፈፈኝም። ይሄ ግን ይቀፈኛል።

አጥናፉ፦ ምላስሽ ረዘመ። አዲስ ዝርያ ነው ያልኩት እኮ በዓይኔ አይቼ ነው። ምግብ ሲያልቅባቸው ተሰባስበውና ተጣብቀው እንደ እንጉዳይ ቀጭን ግንድ ያቆማሉ አይደል? የአብዛኞቹ ግንድ ነጭና ረጅም፣ የእሱ አጭርና ሐምራዊ።

ምንትዋብ፦ ያሳደጉበት ሳህን ስለደረቀ ነዋ። መስኮት ላይ ረስተውት ፀሐይ ሲመታው ከረመ። እኔ ያንኑ አሜባ እርጥብ ሳህን ላይ ሳሳድገው ነጭና ረጅም ሆነ። ሙሉ የዘር መረጃው፣ ጂኖሙም፣ ከአምስት ቁጥር ጋር አንድ ዝርያ ነው ይላል። አምስት ቁጥር ደግሞ ድሮ ስም የወጣለት ነው፤ «ላቀዊ» የሚባል አዲስ ዝርያ የለም ማለት ነው።

አጥናፉ፦ መልኩ የሚመስለው ዘጠኝ ቁጥርን ነው። ዘመዱ እሱ ነው።

ምንትዋብ፦ ዘጠኝ ቁጥር ያለው በሐረጉ ሌላኛው ጫፍ ነው። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች፤ እኛም መልከ መልካም አጎት ፍለጋ ላይ ነን።

አጥናፉ፦ ናሙናው ተበክሎ ይሆናል።

ምንትዋብ፦ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ እርስዎም አጠገቤ ቆመው አይተዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

አጥናፉ፦ ስሚ፣ ይህን ላብራቶሪ ማን የሰጠን መሰለሽ? ፍሪጁን፣ ማይክሮስኮፑን? በስማቸው ከሰየምኩ በኋላ ነው በሩ የተከፈተልን።

ምንትዋብ፦ አሜባው ጉቦ ነበር በሉኛ።

አጥናፉ፦ ምስጋና ነበር።

ምንትዋብ፦ የሁለት ዓመት ልፋቴ የሰው ፎቶ ከግድግዳ እንዳይወርድ ተብሎ ይቆረጥ?

አጥናፉ፦ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። አልፈርምም ብልስ?

ምንትዋብ፦ አይፈርሙ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

አጥናፉ፦ በተረት አይመረቅም፣ ልጄ። እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። አሥራ አንድ ቁጥርን አይተሻል?

ምንትዋብ፦ ብቻውን የቆመውን?

አጥናፉ፦ እሱን። ማንም የማያውቀው አዲስ ዝርያ ነው። በአንቺ ስም «ምንትዋቤ» እንለዋለን። አንቺ ብታልፊም ስምሽ በመጽሐፍ ይኖራል። ሰባትን ብቻ ተዪልኝ።

ምንትዋብ፦ እናቴ ብትሰማ ሰፈሩን ሁሉ ታዳርስ ነበር። አዲስ መሆኑን እርግጠኛ ነዎት?

አጥናፉ፦ ምን ጥርጥር አለው። ጂኖሙ ከሁሉም ርቆ ነው የወጣው። ጂኖም ደግሞ አይዋሽም።

ምንትዋብ፦ አሥራ አንድ ላይ የማይዋሸው ሰባት ላይ ይዋሻል?

አጥናፉ፦ እሱ ሌላ ነው።

ምንትዋብ፦ አንድ ማሽን፣ አንድ ቀን፣ የእኔው እጅ። ምኑ ነው ሌላ?

አጥናፉ፦ ያንን ሐምራዊ ግንድ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሳልኩ አስተምሬዋለሁ።

ምንትዋብ፦ አውቃለሁ። እኔም ከእርስዎ ነው የተማርኩት።

አጥናፉ፦ ስህተቴን አስተምሬሽ አሁን ደግሞ ደብቂልኝ እላለሁ፤ እኔው ራሴን ጠላሁት። ተዪው፣ ሰባት ሐረጉ ላይ ከአምስት ጎን ባለበት ይቀመጥ። ለዶክተር ላቀው ግን ማን ይነግራቸዋል?

ምንትዋብ፦ ስሙን ያወጣው ሰው ነዋ።